ለእንግዳ ብቻ ስለሚወጣው የደኅንነት ቀበቶ

ለተከበሩ አቶ ሥዩም
የደጋው ንፋስ ኃይል ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
ንፋስ መውጫ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር እርስዎ የስቶርዎን በር በሚጠብቁበት ትጋት ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ፣ ቤተሰብዎንም ከክፉ ሁሉ እንዲሰውርልዎ እመኛለሁ። እኔ እመቤት ይታየው እባላለሁ። በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይልና የሶላር መብራት ስጠግን የቆየሁ፣ ኋላም በጣቢያዎ የንፋስ ተርባይን ጥገና ሠልጥኜ ባለፈው ሳምንት «ብቁ ያልሆነች» ተብዬ ስሜ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የተለጠፈልኝ ሠልጣኝ ነኝ። ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ስብሰባ ባይኖርዎትም ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምባል፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ስል በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ስለተሰጠን ሥልጠና ከልብ አመሰግናለሁ። መምህራችን አቶ እንዳልካቸው በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፉልን ሕግ «ቀበቶ ያላሰረ ሰው ማማ ላይ አይወጣም» የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቀበቶ በሥዕል ብቻ ስናየው ከረምን። የእግር ማሰሪያው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ መንጠቆው የት ላይ እንደሚያያዝ፣ ማማ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ጓደኛ እንዴት እንደሚወርድ፣ ሁሉንም ጣታችንን ሥዕሉ ላይ እያስኬድን ተማርነው። ቀበቶ ጠፍቶ እንዳይመስልዎ! አዳዲስ ቀበቶዎች ከነላስቲካቸው ስቶር ውስጥ ተደርድረዋል። የንብረት ኃላፊውን አቶ ዘመኑን ብንለምናቸው፣ ዕቃው ከተነካካ ያረጃል፣ ደግሞም ሥራ አስኪያጁ ሳይፈርሙ አይወጣም አሉን፤ እርስዎን ብንለምን ደግሞ ንብረት የሚያወጣው ዘመኑ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ አሉን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼው ነው። በእርግጥ አንድ ቀን ወጥተዋል። አዲሱ የመለማመጃ ማማ ሲመረቅ የመጡት እንግዶች ከነሙሉ ልብሳቸው ታጥቀዋቸው ማማው ሥር ፎቶ ተነሥተዋል። አንደኛው እንግዳማ የእግር ማሰሪያውን አንገታቸው ላይ አጥልቀውት ነበር፤ እኛም ከኋላ ቆመን አጨበጨብን።

ሁለተኛ፤ ስለ ተግባር ፈተናው። የፈተናው ዕለት ቀበቶ እንጠብቅ ለነበርነው ሠልጣኞች መጫኛ ቀረበልን። አህያ ላይ ገብስ የሚታሰርበትን መጫኛ ነው የምልዎ! ወገባችሁን በዚህ እሰሩና ውጡ ተባልን። እኔም ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ፣ ያስተማራችሁን ሕግ ይህንን አይፈቅድም፣ ቀበቶ ይምጣልኝና አሁኑኑ እወጣለሁ አልኩ። ፈታኙ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ በስሜ ትይዩ «ፈቃደኛ ያልሆነች» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ በዚሁ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሚሄድ ተማሪ የተማረውን አሳምሮ ቢያዜም ይመሰከርለታል እንጂ፣ ለምን እንደተማርከው አደረግህ ተብሎ አይባረርም። የእርስዎ ጣቢያ ግን ትምህርቱን ያከበረውን የሚጥል የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህም ፈር ቀዳጅነትዎ ምስጋና ይገባዎታል።

ሦስተኛውን እንደ ሌላው አሽሟጥጬ ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ከእኔ ቀጥሎ የተጠራው የወገዳው ልጅ ቢሻው ነበር። ቢሻው ሴት እምቢ ስላለች እሱም ፈራ እንዳይባል መጫኛውን ታጥቆ ወጣ። ለፈተናው የተወሰነው ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ነፋሱ አወዛወዘው፣ እጁ አመለጠው፣ መጫኛውም ተፈታ። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ አስፋልቱ ስናወጣው «እናቴ እንዳትሰማ፣ አደራችሁን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። እናቱ እማማ ተዋበች ግን ሰሙ፤ ያንን የወገዳ መንገድ እየተንገጫገጩ መጥተው ይኸው እስከ ዛሬ አልጋው ሥር ናቸው። ዳሌው ተሰብሯል፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሥራ አይሆንለትም ብለዋል። የእርስዎ ቢሮ ታዲያ ሰው ልኮ አልጋው ድረስ የብቃት ማረጋገጫ አመጣለት። የተወሰነለት እርከን ድረስ ወጥቷልና «ብቁ» ነው፤ እንኳን ደስ አለህም ተብሎበታል። በስመ አብ! የሰው ልጅ ይህን ሲፈርም ብዕሩ አይንቀጠቀጥም?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከአደጋው ማግስት ጣቢያው በር ላይ «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ የተሰቀለበትን ገመድ ቀርቤ አየሁት፤ እጅግ ጠንካራ ነው።

አራተኛ፤ ስለተገባልን የሥራ ዕድል። ሥልጠናው ሲጀመር ሥራ ራሱ እየመጣ በራችሁን ያንኳኳል ብለውን ነበር። ከእኛ በፊት ከተመረቁት አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ የእርስዎኑ በር በጥበቃነት ይጠብቃል፤ ማንኳኳቱን የሚሰማው እሱ ነውና ምናልባት ሲመጣ ይነግረናል። አሁን ግን እውነተኛ ሥራ መጥቷል። ወደ ምሥራቅ ያለ አንድ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ቴክኒሻኖችን እየመዘገበ ነው፤ ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል፣ የእርስዎ ማረጋገጫ የሌለው ደግሞ አይመዘገብም። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ በጨዋ ቋንቋ ስለጻፍኩ ያልተናደድኩ እንዳይመስልዎ። ሱቄን ዘግቼ፣ ዘመድ ጎረቤቱ «ሴት ልጅ ምን ብላ ብረት ላይ ትወጣለች» እያለ ሲስቅብኝ ችዬ የተማርኩት ለዚህ ሥራ ነው። ማማውን አልፈራም። የምለምንዎ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ቀበቶ ይሰጠኝና ከሰኞ በፊት እንደገና ልፈተን።

ለሚሰጡኝ ምላሽ አስቀድሜ፣ ለማይሰጡኝም ምላሽ ከዚያ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ የሰው አጥንት ሲሰበር የመንግሥት ንብረት እንዳይጫጫር ላሳዩት ቆራጥነት ያለኝን አድናቆት በእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

ከማይነገር አክብሮት ጋር
እመቤት ይታየው
ብቁ ያልሆነች

ግልባጭ፦
ለአቶ ዘመኑ፣ ንብረት ክፍል (ደብዳቤው እንዳያረጅ ሳይነበብ ይቀመጥ)
ለቢሻው፣ የአጥንት ሕሙማን ክፍል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጸሐፊዎ ደወለችልኝ። ቅዳሜ ከበላይ አካል እንግዶች ስለሚመጡ፣ ሴት ሠልጣኝ ቀበቶ ታጥቃ ማማው ሥር ብትታይ ፎቶው ያምራል ብለዋል አሉ። እሺ ብያታለሁ። የተማርነው ሕግ ማማ ላይ ሰው ብቻውን አይወጣም፣ ሁለት ይሁን ስለሚል አቶ እንዳልካቸውም ይታጠቃሉ፤ እርስ በርስ ማሰሪያችንን እንፈትሻለን፣ ፎቶውን እንነሣለን፣ ከዚያ በእንግዶቹ ፊት እስከ ጫፍ እንወጣለን። ውጤቴ ሳይጻፍ አልወርድም። ቀበቶውን እከለክላለሁ ካሉም መብትዎ ነው፤ ለምን እንደከለከሉኝ እዚያው ለእንግዶቹ ያስረዷቸዋል። የእንግዶቹ ምሳ እንዳይቀዘቅዝ ግን ፈታኙን ቀደም ብለው ቢጠሯቸው መልካም ነው።