ያልራሰ ዓይን

ኅዳር ፫፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ጥቁሩ አቡጀዲ እጄን አጠቆረው። ባለሱቁ ሸምሱ ቀለሙ አይለቅም ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ ገና ውሃ ሳይነካው ለቀቀ። የሐዘን ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአክስቴ፣ አንዱ የወንድሜ ሚስት የጫልቱ። የጫልቱ ተመለሰ።

ስማኝ ደብተር፣ ተመለሰ ነው የምልህ። አጣጥፋ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ አመስግና መለሰችልኝ። እኛ አማኞች ጥቁር አንለብስም፣ ደምሴ ጌታ ዘንድ ነው አለች። ድምጿ እንኳ አልተሰበረም። የደምሴ አፈር ገና አልደረቀም። ሰሊጥ ሊጭን መኪናውን ይዞ አንገር በረሃ ወረደ፣ ወባ ይዞት ወጣ፣ ሳምንት አልቆየም። ያለኝ ወንድም እሱ ነበር። ነቀምቴ ያመጣኝም እሱ፣ የስፌት መኪናዬን የገዛልኝም እሱ።

ቀብሩ ላይ መዝሙር ዘመሩ። ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሳ አንድ ሽማግሌ ቀስ አድርጎ ያዘኝ። በፍቅር ነው የያዘኝ፣ አውቃለሁ። ግን በገዛ ወንድሜ ቀብር እጄን ተያዝኩ። ጩኸቱ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ቴሌግራሙ ጎጃም ደርሷል። አጎቴ ባላምባራስ ተሰማና አክስቴ እትዬ የሺ በአዲስ አበባ ዞረው እየመጡ ነው። እትዬ የሺን አታውቃትም። በአገራችን ያለ እሷ ልቅሶ አይደምቅም። ጫ.ን (ጫልቱን ነው፣ አሳጥሬ ልጻፋት) እንዲህ ደርቃ ካገኟት ምን ይላሉ?

ኅዳር ፭፣ ሐሙስ

ደረሱ። ከአውቶቡስ ወርደው ግቢ እስኪገቡ ጩኸታቸው ሰፈራችንን ቡርቃ ጃቶን ሁሉ ሰበሰበ። እትዬ የሺ በሩ ላይ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። አንዷ ጎረቤት የወደቀች ታማ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። እኔም ወደቅሁ። ተመስገን፣ እንደ ሰው የሚያለቅስ ሰው አገኘሁ። የቆመብኝ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ደረቴ ቀለል አለ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ መሰለኝ።

ጫ. ውሃ አሙቃ መጣች። የአጎቴን እግር አጠበች፣ ጉልበቱን ሳመች። ዓይኗ ደረቅ። ምግብ አቀረበች። ዓይኗ ደረቅ። አጎቴ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ነጭ ነጠላ፣ ያልተላጨ ፀጉር፣ ያልተቧጨረ ፊት። ለእትዬ የሺ በዓይኑ ምልክት ሲሰጣት አየሁ። ወይም የሰጣት መሰለኝ። እሷም ተነሥታ አወረደችው፦

ጎረቤት ሲያለቅስ ሆዱ እየተላወሰ፣
ምን አጉርሳው ይሆን ዓይኗ ያልራሰ።

ከአዲስ አበባ አብረዋቸው የመጡት ዘመዶች ተቀበሉ። እኔም ደረቴን እየመታሁ ተቀበልኩ። አፌ ቀድሞኝ ሄደ፣ ትርጉሙ ኋላ ደረሰ። እዚህ ሰፈር አማርኛ የማይሰማ የለም፤ ጫ.ም ሰምታለች። የያዘችውን ማሰሮ ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም።

ኅዳር ፮፣ ዓርብ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይላሉ። ዘንድሮ ከመስከረም አልፎ ኅዳር ላይ ሰማሁት።

አጎቴ ለብቻዬ ጠራኝ። ሂሩትን ሰኞ ሳምንት ይዟት ይሄዳል። የደምሴን ልጅ፣ ገና ጡት ከተወች ዓመት ያልሞላትን። አባቷን ካበላች ሴት ጋር ደሜን አልተውም አለ። ከዚያ መርዝ አብልታዋለች የሚል አቤቱታ ለፖሊስ ያስገባል። ሐኪሙ ወባ ነው ብሏል አልኩ። ሐኪም ምን ያውቃል፣ ያጎረሰች ታውቃለች አለ። አያቴ የሞተች ጊዜ የሆነውን ነገረኝ። አባቱ ፊቱን ነጭቶ፣ እስኪድን ሦስት ወር ቁስሉን ይዞ ገበያ ወጣ። ሰው ካዘነ ይታያል፣ ካልታየ የለም። እንዲህ ነው የሚያስበው። እኔስ? እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት፣ ምን ልዋሽህ።

ግን በመጀመሪያ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እሑድ ሳምንት። ከእኛ ወገን፣ ከእሷ ወገን፣ መሐል ላይ የሸዋው አቶ ወንድይፍራው። አንቺ ግቢያቸው ነበርሽ፣ የሚቆርጠው ያንቺ ቃል ነው አለኝ አጎቴ። እጠራጠራለሁ ካልኩ ልጅቱ ትሄዳለች። ያ ብቻ ይበቃዋል።

ሂሩት እትዬ የሺን ፈርታ ከስፌት መኪናዬ ሥር ተወሽቃለች። አዳዳ ትለኛለች። እዚህ የአባትን እህት እንዲህ ነው የሚሏት። አዳዳ ነይ አብረን እንደበቅ ትላለች።

ኅዳር ፰፣ እሑድ

ተናድጃለሁ። አጻጻፌ ከተበላሸ ይቅር በለኝ።

ሽንኩርት ልከትፍ ጫ. ቤት ቢላዋ ልዋስ ገባሁ። የለም። መቀስ? የለም። የውሃ መቅጃው ገመድ እንኳ ከቦታው ጠፍቷል። ጎረቤቶቿ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ተራ ገብተው ነው የሚውሉት፣ የሚያድሩትም። ስገባ ዝም አሉ። አካም ጅርታ አልኩ፤ ሰላምታዬን መለሱ፣ እንደገና ዝም። ምን የሚደበቅ ነገር አለ?

ይባስ ብሎ የሠርጓን ነጠላ ለሰፈር ልጃገረድ ሰጠች። ደምሴ ከወለጋ እስከ አዲስ አበባ ፈልጎ ያመጣላትን። ጫማዋንም። ፈገግ ብላ፣ እየመረቀች ነው የሰጠችው። በዓይኔ አየሁ። ወንድሜን ከትከሻዋ አራገፈችው አልኩ።

ለአጎቴ ነገርኩት። ቢላዋውንም ነጠላውንም። ጢሙን እየዳበሰ እህ አለ። ማስረጃ እየሸሸጉ ነው አለ። የነገርኩትን ቃል በቃል ሲደግመው ከእኔ አፍ የወጣ አልመስልህ አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ኅዳር ፱፣ ሰኞ፣ ከቀትር በፊት

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሃዳ ገመቹ፣ ማለት የገመቹ እናት፣ ቀሚስ ልታስጠብብ መጣች። ጫ. ቤት ከሚያድሩት ዋናዋ እሷ ናት። ልኳን ሳልወስድ ቢላዋው የት ነው አልኳት። አፈጠጥኩባት። ትልቅ ሴት ናት፤ እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ቢላዋው እኔ ቤት ነው፣ መቀሱም ገመዱም አለችኝ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነገረችኝ።

ጫ. ራሷን እንዳትጎዳ ነው የሚጠብቋት። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ። ነጠላዋን ፈገግ ብላ ስትሰጥ የእኔ ሆድ በንዴት ሲቃጠል የእነሱ በፍርሃት ቀዝቅዟል። ዕቃውን እየመረቀ የሚያድል ሰው መንገድ የጀመረ ነው። የምታለቅስ ሴት ደክሟት ትተኛለች፣ ነቅታ ትበላለች፤ እኛ የምንጠብቀው የማታለቅሰውን ነው አለች። የምትቀምሰው ሂሩት ጭኗ ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ልጅቱ ከሌለች ሳህኑ እንደቀረበ ይመለሳል።

ድሮ እነሱም ደረት ይመቱ ነበር። የሃዳ ገመቹ እናት ፀጉሯን ነጭታለች። ወንጌል ሲገባ ተስፋ እንደሌለው አታልቅሱ ተባሉ፣ ተዉ። ሐዘኑን ግን ማን ይተዋል አለች።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች፣ አፍራ እየሳቀች። ሰፈሩ የታዘበው እኛን ነው። እትዬ የሺ መሬት ላይ ወድቃ፣ ተነሥታ፣ እጇን ታጥባ፣ እንጀራ ስታስጨምር አይተው ጎጃሞች ሳያዝኑ ያለቅሳሉ እንዴ ብለዋል። ደሜ ፈላ። እትዬ የሺ ሌሊቱን ሙሉ ስሙን እየጠራች እንደምታድር እኔ ነኝ የማውቅ። ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ሁለታችንም ቀሚሱን ይዘን ሳቅን። አለቀስኩም።

ኅዳር ፲፣ ማክሰኞ

ለአጎቴ ልንገረው? ስገለብጠው ዋልኩ። ልትሞት ትፈልጋለች ብዬ ብነግረው ደሙ ፈረደባት ይላል። ወይም አእምሮዋ ተነክቷል፣ ልጅ አታሳድግ። በየት በኩል ብሄድ ሂሩት ትሄዳለች። ሂሩት ከሄደች ደግሞ የምትሆነውን አሁን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው።

እትዬ የሺን ግን ጠየቅኋት። ያልሽውን ከልብሽ ታምኚዋለሽ ወይ አልኩ። ግራ ገባት። ልጄ፣ ልቅሶ ላይ የተባለ ነው፣ ሐዘን ያመጣውን አወረድኩት፣ ማን አስማለኝ አለች። እንግዲያው ለአጎቴ ንገሪው አልኩ። ወንድሟን ትፈራዋለች። አብጠው የማያዩ ዓይኖቿን በነጠላዋ ጠረገች። አሳዘነችኝ፣ አናደደችኝም።

ኅዳር ፲፪፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ሰፈሩ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው። ጭሱ የሁላችንንም ዓይን አስለቀሰ። የሷን ዓይን ጭስም አያረጥበው ሲል አጎቴን ሰማሁት። አንድ ሁለቱ ሳቁ።

አቶ ወንድይፍራው አስታራቂ ሐሳብ አመጣ። እሑድ ጫ. ጥቁር ለብሳ በዘመዶቹ ፊት ታልቅስ፣ ነገሩ በዚያው ይዘጋ፣ ልጅቱም ትቆይ። አጎቴ ብዙ አጉረምርሞ እሺ አለ። እሷን የማሳመኑ ነገር ለእኔ ተሰጠ። ደስ አለኝ። እግሬ መሬት አልነካም፤ ቀሚሱን ይዤ ሮጥኩ።

ተቀበለችኝ። ዘርግታ አየችው። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ለካችው፣ ልኳ ነው። ከዚያ አጣጠፈችው። ለእሱ ያላለቀስኩትን ለእነሱ አላለቅስም አለች። ጮኽኩባት። ለልጅሽ ነው፣ ልጅሽን ሊወስዱብሽ ነው፣ ዕንባ ምን ዋጋ አለው፣ ሽንኩርት ልስጥሽ ወይ አልኳት። እንዲህ ብዬ ተናገርኩ፣ ያውም ለሐዘንተኛ። እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። ከጀመርኩ የት እንደማቆም አላውቅም አለች፣ ጠዋት ልጄን ከእንቅልፍ የማነሣት እኔ ነኝ። ብዙ አማርኛ አትችልም፤ ይህን ግን ቃል ሳይጎድላት ነው የተናገረችው።

ተመልሼ ለአቶ ወንድይፍራው አይሆንም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ ያንቺ ቃል ብቻ ቀረ አለኝ።

ኅዳር ፲፬፣ ቅዳሜ

ስፌቱ አልሄድልህ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። ገበያ ወጥቼ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ይለኛል፣ ዋቃዮ ሲ ሃጀጀቤሱ ይለኛል። ሁለቱም አንድ ነው። እንዴት እንደምጸና የነገረኝ ግን የለም።

ኅዳር ፲፭፣ እሑድ፣ ጠዋት

ሾላው ሥር አግዳሚ ወንበር እየደረደሩ ነው። በመስኮት አያቸዋለሁ። አጎቴ ካባውን ለብሷል።

ገና ሲነጋ መጥቶ ነበር። ቆሞ ነው የተናገረኝ። ከእሷ ጋር ከቆምሽ ከአባትሽ ርስት አንድ ስንዝር የለሽም፣ ስትሞቺም አገርሽ አትቀበሪም አለ። ያሳደገኝ ሰው ነው። ፊደል ላስቆጠሩኝ ቄስ በገዛ በጉ የከፈለ እሱ ነው። እወደዋለሁ፣ ያ ነው ችግሩ። ሄዶ ሲርቅ ጀርባውን አይቼ እንደ ልጅ ተነፋረቅሁ።

አሁን ስማኝ፣ ጊዜ የለኝም።

የሚጠይቁኝ ጫ. ምን እንዳጎረሰችው ነው። አየሃቸው የለ፣ ሁሉም የሚሉት ይኸንኑ ነው፤ ምን አጉርሳው። የመጨረሻው ቀን ደምሴ ሰው አይለይም ነበር። ከጫ. እጅ አልዋጥ አለ። እሷ ቀን ከሌት ቆማበት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። ልቀስቅሳት ብዬ አሳዘነችኝ። አጥሚት አሙቄ፣ ራሱን ደግፌ፣ በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሦስት አራት ጊዜ ዋጠ። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመሰም። አፉ ውስጥ የመጨረሻ የገባው ከእኔ እጅ ነው።

ይህን ማንም አልጠየቀኝም። አጎቴም፣ እትዬ የሺም፣ ሽማግሌዎቹም። መሬት ላይ ወድቄ ጮኼያለሁ፣ ደረቴን መትቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ፤ ማን ይጠርጥረኝ።

ስለዚህ ጥቁሬን እንደለበስኩ እቆማለሁ። ስለ ጫ. ሐዘን አንዲት ቃል አልናገርም፤ የሷ ነው። ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ የሚከሰስ ካለ ከእኔ ይጀመር፣ ልጅቱም ከእናቷ እቅፍ አትወጣም እላለሁ። አጎቴ ቢረግመኝ ይርገመኝ። እትዬ የሺ ብታወርድብኝም ታውርድ፣ እኔው ራሴ እቀበላታለሁ።

ሂሩት ሃዳ ገመቹ ዘንድ ናት። ጫ. ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታለች፣ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ወደዚህ አላየችም። እየጠሩኝ ነው። አቤት አልኩ። አጎቴ ራሱ ነው የጠራኝ፣ በልጅነት ስሜ። ብዕሬን አስቀመጥኩ፣ ልወጣ ነው።