የሰከሩት ንቦች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከንቦቹ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

የጓሮው ዱባ ተባይ ስለገባበት አባባ መርጫውን አዝሎ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ይረጫል። አበባው የሚፈካውም፣ ንቦቹ የሚሰማሩትም ጠዋት ነው። «ማታ እርጨው፤ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን» ስለው፣ «መድኃኒት አይደል እንዴ? መድኃኒት ሰው ሲጎዳ የት አየሽ?» ይለኛል። መርዙን መድኃኒት ብሎ የሰየመልን ሰው የብዙ ነፍስ ዕዳ አለበት።

ንቦቹ ከዱባው ሲመለሱ እየተንቀጠቀጡ ቀፎው ደጃፍ ላይ ይወድቃሉ፤ ዘበኞቹ ንቦችም አናስገባም ይሏቸዋል። ትናንት አባባ የሞቱትን እየጠረገ፣ «ሰክረው መጥተው ነው። እናትሽም በጎረምሳነቴ እንዲሁ በር ትዘጋብኝ ነበር» ብሎ ሳቀ። ሳቁ በሳል አለቀ።

ከሦስቱ ቀፎዎች አሁን ድምፅ የሚሰማበት አንዱ ብቻ ነው። አባባ ጆሮውን ለጥፎ ቀፎውን ያዳምጣል፤ እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ እሱ ሲተነፍስ አዳምጣለሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሻዩን በግማሽ ብርጭቆ እቀዳለታለሁ፤ ሙሉ ከሆነ ያፈሰዋል። ሸሚዙንም እኔው እቆልፍለታለሁ፤ «የዛሬ ዘመን ቁልፍ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያነሰው?» ይላል።

ፈቃድ ካገኘህ ብቅ በል። ለማር አይደለም፤ ማር የለም።

አባባ ሰላምታውን በገዛ እጁ ሊጽፍልህ እስክሪብቶ አንስቶ ነበር። ወዲያው መልሶ ሰጠኝና፣ «አንቺው ጨርሺው» አለኝ። ከታች የምታየው የተወላገደ መስመር እንግዲህ የእሱ ሰላምታ ነው፤ «ልጄ» ብለህ አንብበው።

ናፋቂህ፣ ታናሽ እህትህ