በየምሽቱ ስለምሰብረው አንድ መስታወት

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለቢሮዎ መስኮቶች ደህንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል የሚያምነኝ ሰው በመጥፋቱ ግን ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ተከታታይ ድራማዎ ሲጀምር በመግቢያው መጀመሪያ እርግቦች ይነሳሉ፤ ቀጥሎ አውቶቡስ ይታጠፋል፤ አንዲት ሴት መጋረጃ ትገልጣለች፤ ከዚያ ሁለት ሰዎች በር የሚያህል መስታወት ተሸክመው መንገድ ያቋርጣሉ። ከፊት ያለው ባለ ጢም ሰውዬ ያስነጥሰዋል። መስታወቱ ይወድቃል። ከስብርባሪውም የድራማው ርእስ ፊደል በፊደል እየተሰካካ ይወጣል። ያስነጠሰው ሰውዬ እኔ ነኝ። ከኋላ አፉን ከፍቶ ባዶ አየር ይዞ የቀረው ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ነው።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ነው። መስታወቱን የምንወስደው ለአንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ነበር። የአንዲት መንገድ ጠራጊ መጥረጊያ ያነሳው አቧራ አፍንጫዬ ገባ፤ የሆነው ሆነ። የእርስዎ ካሜራ ሰገነት ላይ ሆኖ እንደሚያየን የነገረን ሰው አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኔ ከእጄ ያመለጠኝ መስታወት ያ ብቻ ነው። ሐኪሙ እንኳ ስቆ ይቅር አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቆርጬ ገጠምኩለት። ለሌላ ሰው ቢሆን ጉዳዩ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር። በእርስዎ መልካም ፈቃድ ግን ያንኑ መስታወት ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳላሰልስ እሰብራለሁ። ያለ ምንም ፈተና ለዚህ ማዕረግ ስላበቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼን ግን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) ሥራዬን በተመለከተ። አንዲት የትምህርት ቤት ባለቤት ለስድስት መስኮቶች አስጠሩኝ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «ውይ! አንተ ነህ እንዴ?» አሉና ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው አፍንጫዬን አስረው ካላሠሩኝ አሉ። አስረውም አሠሩኝ። አንድ ፋርማሲስት ደግሞ መስታወቱን ደጃፉ ላይ እንዳስቀምጥለት ለምኖኝ ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ደፉ ላይ አንሸራተተውና ሰበረው። ሠፈርተኛው በሙሉ እኔ እንደሰበርኩት ያምናል፤ ፋርማሲስቱም ቀስ በቀስ ማመን ጀምሯል።

፪ኛ) ሳላስነጥስ «ይማርህ!» ይሉኛል። ባንክ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት። ዝም ብል ኩሩ ይሉኛል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ «ያኑርህ፣ ያኑርሽ፣ ያኑራችሁ» እያልኩ እውላለሁ።

፫ኛ) ይህኛውን ስጽፍ ቀልዴን ትንሽ ወደ ጎን አደርጋለሁ። ከባለቤቴ ወንድም ጋር አሥራ አንድ ዓመት መስታወት ተሸክመናል። መስታወት የሚሸከሙ ሁለት ሰዎች ብዙ አያወሩም፤ እሱ እርምጃዬን ያውቃል፣ እኔም ትንፋሹን አውቃለሁ። መግቢያው መታየት ከጀመረ ወዲህ ግን የሠፈር ልጆች «አፍህን ዝጋ!» እያሉ ይከተሉት ጀመር። አንድ ምሽት አማቴ ቤት ተሰብስበን ራት ስንበላ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበርና መስታወቱ ሲወድቅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ብቻ ሳይስቅ ቀረና «ምናለ ያን ቀን አፍንጫህን ብትይዘው?» አለኝ። እኔም «በየትኛው እጄ?» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። እሱ ፍራሽ መሸጫ ተቀጠረ። ለባለቤቴም «ፍራሽ ቢወድቅ ማንም አይስቅም» ብሎ ነገራት። እሷ በባልና በወንድም መካከል ደብዳቤ የሌለው ፖስተኛ ሆነች። እኔ ደግሞ ብቻዬን ስለቀረሁ ክንዴ ከሚችለው በላይ የሆነ መስታወት መቀበል አቆምኩ፤ የመታጠቢያ ቤት መስኮትና የፎቶ ፍሬም ሠሪ ሆንኩ።

፬ኛ) መሥሪያ ቤትዎ ከመግቢያው ልውጣ ብዬ ላቀረብኩት አቤቱታ የሰጠው ትኩረት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በመጀመሪያው ምላሽዎ በምስሉ ላይ ያለው ግለሰብ እኔ ስለመሆኔ ማረጋገጫ እንደሌለ ገልጸው፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት በሦስተኛ ፎቅ ቀርቤ እንዳስነጥስ አዘዙኝ። ቀረብኩ። አልመጣልኝም። ጸሐፊዎ ከሰዓት በኋላ እንድመለስ ቀጠረችኝ።

በሁለተኛው ምላሽዎ የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቁመው የአንድ ድራማ መግቢያ የማይረሳ የሚሆነው በምን እንደሆነ አስጠኑ። ጥናቱን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ተመልካች በየቀኑ የሚጠብቀው አንድ ነገር ያስፈልገዋል ይላል። እርግቦቹን የሚጠብቅ የለም፤ አውቶቡሱን የሚጠብቅ የለም፤ እኔ ግን እጠበቃለሁ። ከአሥር ተመልካቾች ስምንቱ ዕቃ ማጠባቸውን ትተው የሚሮጡት ለእኔ አፍንጫ ነው። እናቴ በሕይወት ብትኖር እንዴት በኮራች!

በሦስተኛው ምላሽዎ ማንነቴን ለመጠበቅ ሲባል ፊቴ በጭጋግ እንዲሸፈን ወሰኑ። ጭጋጉ ከግንባሬ እስከ አፍንጫዬ ደርሶ ቆመ፤ ጢሜ ለብቻው ቀረ። ጢሜን የማያውቅ ሰው ደግሞ በከተማው የለም። ልዩነቱ፣ ቀድሞ ሰው እያየኝ ይስቅ ነበር፤ አሁን የቤት አከራዬ በሹክሹክታ «ለመሆኑ ምን አድርገህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በመጨረሻ ግን ልብዎ ራርቶ ትዕይንቱ በድጋሚ እንዲቀረጽና መስታወቱን ሳልሰብር እንዳልፍ ፈቀዱልኝ። በባለቤቴ በኩል ወደ ወንድሟ መልእክት ላክሁ። ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። የፍራሽ መሸጫውን ጋዋን እንደለበሰ መጣ። ፊቴን ሳያይ ከኋላ ገባና መስታወቱን ያዘ። ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረኝ፦ «ቀኙን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ» አልኩት።

አቋረጥን። ምንም አልሆነም። አዘጋጁ ፊቱ ላይ ሐዘን የማይጠፋ ሰው ነው፤ «አለፋችሁ... በቃ?» አለና እንድንደግም አዘዘ። ደገምን። አሥራ አራት ጊዜ አቋረጥን፤ መስታወቱ እንደ ሐይቅ ጸጥ ብሎ አለፈ። በአሥራ አምስተኛው አዘጋጁ ትዕግሥቱ አልቆ፣ የተፈቀደልኝንም ረስቶ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በነፋሱ አቅጣጫ በተነ። አዘጋጁ አስነጠሰው። ካሜራ ያዡ አስነጠሰው። መንገድ የዘጋው ትራፊክ ፖሊስ እያስነጠሰው ፊሽካውን ነፋው፣ መኪኖች ተለቀቁ። እኔን ብቻ አላስነጠሰኝም። ከኋላዬ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ የባለቤቴ ወንድም እየሳቀ ነበር። «ያዝ! ያዝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ይዣለሁ፣ አንተ ሂድ!» አለኝ፤ በመኪኖቹ መካከል እየተሽሎከሎክን ተሻገርን። መስታወቱን ግድግዳ ላይ አስደግፈን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልንና እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እንባውን በጋዋኑ ጠርጎ «በየትኛው እጅህ ትይዘው ነበር፣ እውነትህን እኮ ነው» አለኝ። ለዚህ ቀን፣ ክቡር ሆይ፣ አመሰግንዎታለሁ። ይህችኛዋ ምስጋና ሽሙጥ የለባትም፤ ለይተው ያስቀምጧት።

አዲሱ መግቢያ ሦስት ምሽት ታየ። በሦስተኛው ቀን የጣቢያዎ ስልክ መጨናነቁን ሰማሁ፤ ሕዝቡ ሞቼ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። አማቴ ራሳቸው ደውለው «ምነው ልጄ፣ ሳታስነጥስ አለፍክ፤ አሞህ ነው?» አሉኝ። በአራተኛው ምሽት አሮጌው ከነጭጋጉ ተመለሰ፤ ያውም ቀስ እንዲል ተደርጎ፣ ማስነጠሴም በከበሮ ታጅቦ። በላኩልኝም ደብዳቤ «ያለ አግባብ ባለማስነጠስዎ» በተመልካች ቁጥር ላይ ለደረሰው መቀነስ ወደፊት ጥንቃቄ እንዳደርግ አስጠነቀቁኝ።

ስለሆነም ከመግቢያው ልውጣ የሚለውን አቤቱታዬን በዚህ ደብዳቤ አንስቻለሁ። የባለቤቴ ወንድም ከፍራሽ መሸጫው ለቆ ካለፈው ወር ጀምሮ አብሮኝ ነው። በራችን ላይ «በቴሌቪዥን የሰበርነው እኛ ነን፤ ሌላ ቦታ አንሰብርም» የሚል ሰሌዳ ሰቅለናል፤ ሰው ሳቅ ብሎ ይገባል፣ ትልልቅ መስታወትም ያዝዘናል። አሁን የቀረኝ ልመና አንድ ነው፤ ጭጋጉን ያንሱልኝ። ለአራት ዓመት ያለ እረፍት የሠራ አፍንጫ መታየት ይገባዋል።

ለጣቢያዎ ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ተጨማሪ ስብሰባ፣ ለአዘጋጁም የማያቋርጥ ጉንፋን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ታማኝ አስነጣሽዎ
መስታወት ገጣሚው

ተጨማሪ፦ ለመሆኑ ከመግቢያው በኋላ የሚመጣ ነገር አለ? ደንበኞቼን፣ ጎረቤቶቼን፣ አከራዬን ጠይቄአለሁ፤ መስታወቱ እንደተሰበረ ሁሉም ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ። እርስዎ ምናልባት አይተውት ከሆነ፣ ስለምን እንደሆነ በአጭር ደብዳቤ ቢገልጹልን በትሕትና እንጠይቃለን።