ጋራውን የወጣው ማን ነው

መጋቢት 3 ቀን 1999፣ ሰኞ

ዛሬ አስረከብኩት። አርባ አንድ ገጽ፣ በእጄ የተጻፈ። አራት ወር ቅዳሜና እሁዴን የበላ ጥናት። አበል የለ፣ መኪና የለ፣ ያዘዘኝም የለ። ከየካ ሚካኤል ሰፈር በእግሬ እስከ ጋራው ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ጀርባው ቁልቁል። የጫማዬ ሶል ለቋል።

አለቃዬ አቶ ኃይሉ መነጽራቸውን አውልቀው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «እስቲ በአጭሩ ንገሪኝ።» ነገርኳቸው። ከእንጦጦ ጀርባ ላሉት ሰባት መንደሮች የስልክ ሽቦ እንዘርጋ ካልን በዘመናችን አያልቅም፣ ገንዘቡም የለም። ገመድ አልባ ይሁን። ጋራው ላይ አንድ ምሰሶ፣ በየመንደሩ አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ስልክ። ሰባቱንም መንደር የሚያይ ቦታ አግኝቻለሁ፤ እዚያ ከቆመ አጭር ምሰሶ ይበቃል። አጭር ከሆነ ደግሞ ርካሽ ነው።

«ጎበዝ። አየዋለሁ» አሉ።

ቅጂ አላስቀረሁም... ቤት ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ። ምን አለበት፣ አለቃዬ ናቸው።

መጋቢት 16፣ እሁድ

ልቤ አላርፍ ብሎኝ ጋራውን ደግሜ ወጣሁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴት መንገድ ዳር አረፍ ብለው አገኘሁ። እትዬ ኡርጂ ይባላሉ። ቤታቸው ከጀርባ ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። ስልክ ሊገባላችሁ ነው አልኳቸው፤ ምሰሶው የሚቆምበትን አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ፊት ለፊት ያለውን ባዶ የጋራ ትከሻ እያዩ ሳቁ።

«ይሄ ባዶ መሰለሽ? አምና እኮ ነው የተቆረጠው። እስቲ ጉቶውን እዪው።»

ሄጄ አየሁት። ከየጉቶው ሥር አራት አምስት ቀንበጥ።

«ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት ይብስበታል። ሁለት ክረምት ስጪውና ነይ፣ ሰማዩ አይታይሽም።»

ደነገጥኩ። ዛፉ በተቆረጠ ማግስት መጥቼ ነው የለካሁት። የስልኩ ሞገድ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው፤ ቅጠል ፊቱ ከቆመ ይደክማል፣ እርጥብ ቅጠል ከሆነማ ጭራሽ አያልፍም። ወይ ምሰሶው ይረዝማል፣ ወይ ቦታው ይቀየራል። እንዴት አላሰብኩትም? ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ለአቶ ኃይሉ መንገር ነው።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

አልነገርኩትም።

ስብሰባ ተጠራ። ኃይሉ ቆሞ አቀረበው። «ያጠናሁት ጥናት» አለ። ያጠናሁት... በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ ሽፋኑ ላይ ስሙና ፊርማው። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ የተሳሳተው ቁጥር እንኳ የኔ ስህተት ነው። ሳያርመው ገልብጦታል። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ለምን አጨበጨብኩ?

ስንበተን ቢሮው ገባሁ። «የእጅ ጽሑፌን ቢመልሱልኝ» አልኩት።

«የቱን? እሱ እኮ ረቂቅ ነበር፣ ቀድጄ ጣልኩት። ናዝሬት፣ ይሄ የቡድን ሥራ ነው። ልብሽን ሰፋ አድርጊ።»

እሺ። ልቤን ሰፋ አደርጋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ፊት ለፊቱ ካልሆነ በቀር አቶ የለም፣ እርስዎ የለም። ስለ ዛፉም ትንፍሽ አልልም። አንድ ቀን ጋራውን ቢረግጥ ጉቶውን ባየው ነበር። አይረግጠውም፤ ከሲኤምሲ ቪላው ቢሮው፣ ከቢሮው ቪላው። ዛፉ ይደግ። እኔ እጠብቃለሁ።

ሚያዝያ 21

በጀቱ ጸደቀ። «በተለይ ርካሽነቱ ደስ ብሎናል» አሉ ትልልቆቹ። ሳቄን ዋጥኩት።

መስከረም 11 ቀን 2000፣ ቅዳሜ

ተመረቀ። እነ እትዬ ኡርጂ መንደር፣ ተክለጻድቅ የሚባል ባለሱቅ ጋ። ኃይሉ ሱፉን ለብሶ ሪባን ቆረጠ። ወደ ጋራው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ቀንበጡ ቁመቴን በልጦታል...

እትዬ ኡርጂ አገላብጠው ሳሙኝ። ልጃቸው ጂቱ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሁለት ዓመት ድምፅዋን አልሰሙም። የሱቁን ቁጥር በሰው ልከውላት፣ ዛሬ ደወለች። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። በየእሁዱ ልትደውል ተስማሙ።

«ያ ዛፍስ?» አሉኝ ስንሰነባበት።

«ታስቦበታል።»

ዋሸኋቸው።

ጥር 12

ታቦቱን ሸኝቼ ተመለስኩ። የንስሐ አባቴ «ቂም የያዝሽበት ሰው አለ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ኃይሉ በሬዲዮ «ጋራውን በእግሬ ዞሬ ነው ያጠናሁት» ሲል ሰምቻለሁ። በእግሩ! ይሄን ቂም ካሉት ቂም የሚለው ቃል በጣም ያንሰዋል።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ዝናቡ በረታ። የመንደሮቹ ስልክ ይቆራረጣል የሚል ወሬ መጣ። ልቤ ዘለለች። ኃይሉ «ባትሪ ቀይሩ» አለ። ቀየሩ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ሞተ። የሰባቱም መንደር ስልክ ዝም። ኃይሉ ሦስት ጊዜ ሰው ላከ፤ ምሰሶው ደህና፣ ዕቃው ደህና ብለው ተመለሱ። ቀና ብሎ ዛፍ ያየ የለም። ኃይሉ ፊቱ አመድ መስሏል። ዛሬ ምሳዬን ጠርጌ በላሁ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

እትዬ ኡርጂ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እንጨታቸውን ላምበረት ሸጠው መምጣታቸው ነው። ነጠላቸው በዝናብ ሾቋል።

«አራት እሁድ እስልኩ ሥር ተቀመጥኩ። ዝም። ጂቱ አሠሪዎቿን ልትለቅ ነበር፤ የት እንደምገባ በሚቀጥለው እሁድ እነግርሻለሁ አለችኝ። ይኸው አልሰማሁም። ዛፉ ነው አይደል?»

«እየተጣራ ነው» አልኳቸው። ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው እምቢ አሉ፣ ሳይጨልም ጋራውን መሻገር አለባቸው።

ዛሬ ብናገር? ኮሚቴ ሊቋቋም ነው ተብሏል። ኃይሉ ሊወድቅ አንድ ወር ቢቀረው ነው። አንድ ወር... ጂቱ በሌላ ሰው በኩል መልእክት ትልካለች። አትልክም?

መስከረም 13 ቀን 2001፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከላይ የተላኩ ናቸው፤ ጋራውን ወጥተው፣ ዛፉን አይተው ነው የመጡት። «አጥኚው ይሄን እንዴት አላየም?» አሉ።

ኃይሉ ተነሳ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል። «እውነቱን ልናገር። ጥናቱ የኔ አይደለም፣ የናዝሬት ነው። እኔ ጋራውን ወጥቼ አላውቅም።»

ይቺን ንግግር ለመስማት ዓመት ከመንፈቅ ጠብቄአለሁ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ሰብሳቢዋ ወደኔ ዞሩ። «ያንቺ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ፊርማውን ይዩት።»

«በእጇ ጽፋ ነው የሰጠችኝ» አለ ኃይሉ።

«ጽሑፉ የታለ?» አሉት።

ኃይሉ አየኝ። እኔም አየሁት፣ ዓይኔን ሳልሰብር።

ወዲያው ከሥራ ታገደ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ በመስኮት ተከተልኩት። ደስ አለኝ። እዚህ ምን ያስዋሸኛል፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ወረቀታቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ ለምሰሶው ሌላ ቦታ ይፈለግ። ከመካከላችሁ ጋራውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ካለ በአንድ ወር እንጨርሳለን። ከሌለ ከውጭ ባለሙያ መቅጠር ነው፣ እስከ ሰኔ ይሄዳል። የሚያውቅ አለ?»

እያንዳንዷን ጉቶ አውቃታለሁ። ምሰሶው የት ቢዛወር እንደሚሻል ያን እሁድ ስወርድ መንገድ ላይ ጨርሼዋለሁ። ግን ጥናቱ የኔ አይደለም ካልኩ በኋላ ምን ልበል? በምን እግሬ ወጣሁ ልበል?

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢዋ «እስከ ሰኔ» ብለው ጻፉ።