ከማርቲን ጋር የተጣላሁበት ሳምንት

ሰኞ

ሊያስወግዱት ነው! ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ዛሬ ሲመለስ መጀመሪያ ያገኘሁት መልእክት ይኼ ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በበጎ ፈቃድ የማሰናዳው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ፕሮግራም፣ ማለትም ፓኬጁ፣ እስከ ዓርብ ካልተጠገነ ከሊኑክስ ፕሮግራሞች ዝርዝር ይወጣል። ይውጣ ያለው ደግሞ ማርቲን ነው፤ ፓኬጁን አብሮኝ የሚጠብቀው፣ በአካል አይቼው የማላውቀው ፈረንጅ። "ተበላሽቷል፣ የሚጠቀምበትም የለም፣ አንቺም መልስ አትሰጪም" ይላል። ኔትወርኩን እኔ ያጠፋሁት ይመስል!

ማክሰኞ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት አያስተኛም፣ አያሠራም። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ለማርቲን ረጅም መልስ ጻፍኩ። አጠፋሁት። የባሰ ጻፍኩና ላክሁት። "ስድብ ጥገና አይሆንም" ብሎ መለሰ። ልክ ነው፤ ግን ማን አናደደኝ?

ጠረጴዛ ስደበድብ አከራዬ እትዬ ከድጃ ሰምተው ብቅ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣይው?"

ከፈረንጅ ጋር አልኳቸው።

"የታለ?" አሉ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው እያዩ።

ሳቅሁ። ከሄዱ በኋላ ግን ከፋኝ። እዚህ ከተማ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚያወራኝ ሞልቷል። ስለዚህ ሥራ አንድም ሰው የለም።

ረቡዕ

መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ብልሽቱን ስፈልግ ቆየሁና አገኘሁት! ፓኬጃችን የተደገፈበት ፕሮግራም በቅርቡ ተቀይሯል፤ አዲሱ ፕሮግራም ወራትን የሚቆጥረው እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ማርቲን አሥራ ሦስተኛ ወር ኖሮት አያውቅ፣ በምን ይጠርጥር!

ሐሙስ

ትምህርት ቤት ጄኔሬተር ተነሥቶ ነበር። ምሳ ሳልበላ ጠግኜ ላክሁ።

ዓርብ

ፓኬጁ ከዝርዝሩ አልወጣም! አሸነፍኩ! ከላክሁት ጥገና ሥር የማርቲን መልእክት ነበር፦ "ጥገናው ትክክል ነው። ደክሞኛል፤ ስሜን ከፓኬጁ ጠባቂዎች አውጥቻለሁ። ከእንግዲህ ብቻሽን ያዢው።"

እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። ማንጎ ገዝቼ ለእትዬ ከድጃም ሰጠኋቸው።

"አልሃምዱሊላህ! ታረቃችሁ?"

"የለም፣ እሱ ሄደ።"

"ታዲያ ማንጎ ይዘሽ ፊትሽ ምነው?"

ቅዳሜ

ጠዋት መልእክት ካለ ብዬ አየሁ። የለም። ከሰዓትም የለም። ማን ይጽፍልኛል ብዬ ነው? ያ ሰው እያበሳጨኝም ቢሆን ሥራዬን መስመር በመስመር ያነብልኝ ነበር። ሌላ ያነበበው የለም። ናፈቀኝ። እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

እሑድ

ሰላምታ መጻፍ እንዲህ ይከብዳል? ከማርቲን ጋር ያለ ጭቅጭቅ አውርተን ስለማናውቅ መግቢያው ጠፋኝ። "ውድ" ብዬ ጀመርኩ፣ አፈርኩና አጠፋሁት። በመጨረሻ "ስለ ፓኬጁ አይደለም። ደክሞኛል ያልከው ምን ሆነህ ነው?" ብዬ ላክሁ።

እንደላክሁት ፈራሁ።

ዛሬ መብራቱም አለ፣ ኔትወርኩም አለ። መልስ ግን የለም። ምናልባት እሱም መግቢያው ጠፍቶት ይሆናል።