በታጠነ ጄሪካን የታጠበ ፊልም

ውድ ፋርሂያ፣

ሞያሌ እንዴት ይዞሻል? ናጋ፣ ሰላም ነው? ልጅሽ ዱረቲስ? እኛ ነገሌ ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን ዘግይቷል።

ወደ ሞያሌ ከመዛወርሽ በፊት፣ መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን የነገርሽኝን አልረሳሁም። ዱረቲ «አያቴ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ብትጠይቅሽ «እኔን» አልሻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ «ሊባን፣ እኔ እኮ አባቴን በፎቶ እንኳ አላውቀውም። ዋሸኋት» አልሽኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሙኒራ አስጠሩኝ። የባላቸውን የጋሽ ሙዘሚልን ፎቶ ቤት ዕቃ ሲያወጡ የተበላሸ ካሜራ አግኝተዋል፤ ፊልም ውስጡ አለ።

«ጥቁርና ነጭ ፊልም እቤቱ የሚያጥብ የቀረው አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። «ሰማታር ወደ አሬሮ ጭነት ይዞ ሊሄድ ሲል፣ ጨቅላዋን ታቅፎ ሙዘሚል ያነሳው ነው። ካሜራው በዚያው ሰሞን ተሰበረ። ሰማታርም መኪናው ተገልብጦ ቀረ።»

ጨቅላዋ አንቺ ነሽ።

ፊልሙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሙቀት በልቶታል። ከተበላሸ ደግሞ ያባትሽ መልክ በምድር ላይ የለም። ስለዚህ ይቅር ባይ የምለውን ማጠቢያ መድኃኒት መረጥኩ። ቀጠን አድርገው ከበጠበጡት፣ ሰዓቱ ቢያልፍ፣ ልኬቱ ቢዛነፍ አይቀየምም፤ ሳይነኩት አንድ ሰዓት ተኝቶ ሥራውን ይሠራል። የነገሌን የቀትር ሙቅ ውሃ ግን እሱም ይቅር አይልም። እትዬ ሙኒራ የጭነት ሾፌሮች እንደሚያደርጉት ጄሪካን ሞልተው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ነፋስ ላይ ሰቀሉልኝ። ውሃው ቀዘቀዘ።

ብርሃን እንዳይነካው እጄን ብርድ ልብስ ውስጥ ሸሽጌ፣ በላብ ተነክሬ፣ ፊልሙን ጥቁሩ ጣሳ ውስጥ ከተትኩና ከደንኩት። መድኃኒቱን በጥብጬ ከጨመርኩ በኋላ ነው የሸተተኝ። ጭስ።

«እትዬ፣ ይሄ ጄሪካን ምን ነበረበት?»

«የግመል ወተት። አጥቤዋለሁ እኮ! አጥኜዋለሁም!»

«ለፊልም ውሃ ጄሪካን ይታጠናል?»

«አንተ ልጅ፣ ሳይታጠን ዕቃ ይጸዳል እንዴ?»

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። መድኃኒቱ ፊልሙን ነክቶታል፤ ቢደፋም ቢተውም ያው ነበር። ተውኩት።

ሰዓቱ ሲሞላ መድኃኒቱን ደፍቼ፣ ምስሉን የሚያጸናውን ማጽኛ ጨርሼ ከፈትኩ። አብዛኛው ፊልም ጠቁሯል። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ምስል አለ። ወደ መስኮቱ አነሳሁት። የጭነት መኪና። ጎኑ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ጄሪካን ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊቱ ሕፃን ያቀፈ ሰው።

እትዬ ሙኒራ ተጠጉ።

«ወላሂ፣ ሰማታር ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጠጉሩ ሸብቷል።»

«ኔጋቲቭ ነው እኮ፣ እትዬ። ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ነው።»

«ከሙዘሚል ጋር በከንቱ ነው የኖርኩት? አውቃለሁ። ቢኖር ግን ዛሬ እንዲህ ነበር የሚሆነው።»

ሁለታችንም ቆመን አየነው። ቆይተው «መድኃኒትህ ቦረና ነው፤ ወተት አይጠላም» ብለው ሳቁ።

ፎቶውን አትሜ ከኔጋቲቩ ጋር ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለጣዲቻ ሰጥቼዋለሁ። ፎቶውን አስቀድመሽ አትዪ። ኔጋቲቩን ጠርዙን ይዘሽ ወደ ብርሃን አንሺው፤ አባትሽን ሸምግሎ ታገኚዋለሽ። ፎቶውን ከዚያ በኋላ ከዱረቲ ጋር እዩት። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አሳሳቁ ያንቺ ነው።

አልዋሸሻትም።

ወንድምሽ ሊባን
ነገሌ