ጉድጓዱ ተዘጋ ሲሉ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28። ጠዋት።

ጠላ ስጠነስስ ጎረቤቴ ታንጉት መጣች። እጄ በብቅል ተጨማልቋል፣ እሷ በር ላይ ቆማ ስለ ልጇ ታወራለች። አበጀ ኦጋዴን ነው ያለ። የጋዝ ጉድጓድ ይፈትሻሉ፤ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ቶሎ ይነጥፍ እንደሆን። ሄልሜት አድርጎ የተነሣውን ፎቶ ከስልኳ አሳየችኝ። "እይው እንጂ የክርስትና ልጅሽን!" አለች።

አየሁት፣ ወረቀቴ። ያምርበታል። ልጄ ይበልጣልም ያምርበት ነበር።

አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ትምህርት ነበሩ። የእኔን ምረቃው ሲቃረብ ወባ ወሰደብኝ። የእሷ ይኸው።

እሑድ፣ ኅዳር 3። ከቤ/ክ መልስ።

ታንጉት አብረን ስለት እንሳል አለችኝ። ጉድጓዱ ብዙ ከሰጠ አበጀ ቋሚ ይሆናል፣ ካልሰጠ ይበተናሉ። የክርስትና እናት ጸሎት ይሰማል አለች። እሺ አልኋት።

ሚካኤል ፊት ቆሜ ሌላ ለመንሁ። ልጁን ክፉ አይንካው፣ ጉድጓዱ ብቻ ደረቅ ይሁን። ይመለስ። ሥራ እንዳጣ ሰው ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ይንከራተት። ልያት ታንጉትን።

ለይበልጣል ምረቃ የተሳልሁት ጃንጥላ ሣጥን ላይ አለ፣ ከነላስቲኩ። አላስገባሁትም። ምን ተሰጠኝና?

ሐሙስ፣ ኅዳር 7። ጠዋት።

ታንጉት በአጥር ማዶ ስልክ ላይ ናት። ዘጉት? ጉድጓዱን ዘጉት? ትላለች። ዘጉት!

ዳቦ ደፋሁ። ሄጄ ላጽናናት ነው። እየጋገርሁ ዘፈን ቢጤ አፌ ላይ መጣ፤ እሱ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት።

ነጠላዬን እንደ ልቅሶ አዘቅዝቄ ገባሁ። ነፍሱ ትዳን እንጂ ሥራ ይገኛል፣ እግዜር ይካሰው፣ አልሁ። ታንጉት በሳቅ ወደቀች። "ምን ሆነሽ እቴ! ማን ሞተና ነው?" አለች።

ያን ካለች በኋላ ሳቋ ተቋረጠ።

ቶሎ ብላ ለአበጀ ደወለችና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። አበጀ አስረዳኝ። መጀመሪያ ከፍተው ጋዙን ያስወጡታል፣ ይለኩታል። ከዚያ ይዘጉትና ግፊቱ እንዴት እንደሚመለስ ያያሉ። መዝጋቱ ራሱ ፈተናው ነው።

"ይበልጣል እኮ ነው ያስረዳኝ፣ እትየ፤ በእርስዎ ጠላ" አለኝ። ለዕረፍት የመጡ ጊዜ፣ እኔ ገበያ ስወርድ፣ ጀሪካኑን ከፍቶ አስተንፍሶ መልሶ ከደነው። ቶሎ ከተነፋ ጉልበት አለው ማለት ነው፣ ቀስ ካለ እያለቀበት ነው፣ አለው።

ስልኩን መለስሁላት። ዳቦውን ትቼ ወጣሁ። ሄልሜቱን ይያዝ፣ ደመወዙንም። የልጄን ነገር ግን ለምን እሱ ያውቃል፣ እኔ ሳላውቅ? በእኔ ጠላ፣ በእኔ ቤት!

ሰኞ፣ ኅዳር 11።

ግፊቱ ቶሎ ተመለሰ አሉ። ብዙ አለው። አበጀ ቋሚ ሆነ። ታንጉት አጥር ላይ እልል አለች፤ እኔን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እልል በይ እንጂ አልኋት።

ነገ ሚካኤል ነው። ጃንጥላውን አስገባለሁ። ታንጉት ልያዝልሽ አለች፤ አይሆንም፣ ራሴ። በይበልጣል ስም፣ በሌላ በማንም አይደለም። አልተመረቀም፣ ትምህርቱ ግን እዚያ በረሃ ሠርቷል።

አበጀ ለገና ይመጣል። የዚያን ቀን ጠላ ለእሱ ብዬ እጠነስሳለሁ። ጀሪካኑን ፊቱ አስቀምጣለሁ፤ ከመጀመሪያው ይነግረኛል፦ ይበልጣል የት እንደ ተቀመጠ፣ ምን እንዳለ፣ ሲያስረዳ ስቆ እንደሆን። አንዲት ሳያስቀር። ከዚያ ቋሚነቱን ይዞ ይሂድ። የልጄ ነገር ግን የእኔ ነው።